የጡት ጠቢ ሕፃን ሌሊትና የመሐንዲሱ ቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ውሃ መሥመር ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። ሌሊት ሌሊት እየነቃ ስለሚያለቅስ ጡት ጠቢ ሕፃን መነገሩ ግን አንዳንዱን አባል ሳያስገርመው አይቀርም። ይሁንና ከማኅበሩ አባሎች ብዙዎቹ ጎጆ ወጥተው ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ሥራቸውም ከቤት የሚያርቅ ነው። ባል በሥራ ሠፈር ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያገኛት ሚስት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። በዚያች በአንዲት ሌሊት ያየውን ይዞ የሚሰጠው ፍርድና የሚያዝዘው መፍትሔ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ይሆናል። ስሕተቱ የሚያርፈውም በሕፃኑ ጤና ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በወላይታ፣ በኦፋ ወረዳ መቀመጫ በገሱባ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። ባልዬው የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ሳምንቱን በሥራ ቦታ ያድራል። ሚስቲቱ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ተቀጥራ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጃቸው አራት ወር ሞልቶታል፤ ከጡት ሌላ አንዳች አልቀመሰም። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ሌሊቱን አንድ ሁለት ጊዜ እየነቃ ጠብቶ ይተኛ የነበረው ሕፃን በአራተኛው ወር ጠባዩ ተለወጠ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ስድስት ጊዜ ይነቃል። ከጓሮ እንሰት የፋቁ እጆቿን በነጠላዋ እየጠረገች የምትመጣው የባልዬው እናት ነገሩን ካየች በኋላ፣ «ልጄ፣ ወተትሽ ቀጥኗል፤ ልጁ እየጠገበ አይደለም። የላም ወተት በውሃ አቅጥነሽ በጡጦ ስጪው፤ ያንጊዜ ይተኛል» ትላለች። ጎረቤት በበኩሏ ዓይን የበላው ነው ባይ ናት። ባልዬውም ቅዳሜ ማታ መጥቶ ሌሊቱን ከተረበሸ በኋላ፣ «እማዬ የምትልሽን ለምን አትሞክሪውም?» ይላል። ሚስቲቱ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሲመዘን ክብደቱ ጨምሯል አሉኝ»።

መሐንዲስ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሚዛን ላይ የተነበበ ቁጥርና በግምት የተነገረ ቃል ሲጋጩ የትኛው እንደሚታመን በሥራው ላይ አሳምሮ ያውቃል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ይህን ዕውቀቱን ከቆቡ ጋር በር ላይ ሰቅሎት የሚገባ ይመስላል። ክብደቱ በየጊዜው የሚጨምር፣ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጨርቅ የሚያርስ፣ ነቅቶ ሲጫወት ዓይኑ የሚበራ ሕፃን አልተራበም። ወተቱም አልቀጠነም።

ታዲያ ለምን ይነቃል? ነገሩን ለመረዳት የጡትን አሠራር እንደ አንድ የውሃ መሥመር አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። ጡት ማምረቻም ማጠራቀሚያም ነው። በሰገነት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው መዝጊያ ውሃውን እንደሚዘጋ፣ ሲጎድልም እንደሚከፍት ሁሉ፣ ጡትም ሲሞላ የማምረት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲጠባና ሲጎድል ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የወተቱን መጠን የሚወስነው በዋነኛነት የእናቲቱ መወፈር ወይም መክሳት ሳይሆን የሚጠባው ልጅ ነው። ወተት እንዲመረት የሚያዝዘው ፕሮላክቲን የተባለው ንጥረ ነገርም በእናቲቱ ደም ውስጥ ከቀን ይልቅ ሌሊት ይበዛል። ከዚህም የተነሣ የሌሊቱ መጥባት ለመሥመሩ ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ቢዘጋ የቀኑም ወተት ውሎ አድሮ መቀነሱ አይቀርም።

የማጠራቀሚያው መጠንም ከአንዲት እናት ወደ ሌላዪቱ በብዙ እጥፍ ይለያያል። በምዕራብ አውስትራልያ ተመራማሪዎች ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር የሆናቸውን 71 ጡት ጠቢ ሕፃናት ከእያንዳንዱ መጥባት በፊትና በኋላ እያስመዘኑ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። በዚያ መሠረት ሕፃናቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 788 ግራም ወተት ጠብተዋል። የመጥባቱ ብዛት በአማካይ 11 ጊዜ ሲሆን፣ ከመካከላቸው 6 ጊዜ ብቻ የጠባም 18 ጊዜ የጠባም ነበር። ከመቶ 64ቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እየነቁ ይጠቡ ነበር፤ በእነዚህ ዘንድ ከቀኑ ምግብ አንድ አምስተኛው ያህል የሚገኘው ከዚሁ የሌሊት መጥባት ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሁለት እናቶች እያንዳንዳቸው በቀን 780 ግራም ወተት ቢሰጡ፣ የአንዲቱ ልጅ በአንድ ጊዜ 130 ግራም ቢያገኝ በ6 ጊዜ ይበቃዋል፤ 65 ግራም የሚያገኘው ግን 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ሁለቱም ልጆች ይጠግባሉ፤ ሁለቱም ያድጋሉ። የአንዲቱ እናት ሌሊት ግን ከሌላዪቱ እጅግ የከበደ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት «የእኔ ልጅ እስኪነጋ ይተኛል» እያለ የሚያወራው ወሬ ይህን ልዩነት ስለማያውቅ ሴቶችን ያለ ጥፋታቸው ያሳዝናል።

ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀንና ሌሊትን አይለይም። ይህ የሰውነት ሰዓት እየተስተካከለ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ነው፤ የእናት የሌሊት ወተትም የእንቅልፍ ንጥረ ነገር የሆነውን ሜላቶኒን ይዞ ይረዳዋል። ጨጓራው ትንሽ ነው፤ የእናት ወተትም ቶሎ ይፈጫል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በገሱባው ቤት በአራተኛው ወር ለተከሰተው ለውጥ ሌላ ምክንያት አለ። እርሱም ከሕፃኑም ከወተቱም ዘንድ አይገኝም፤ የሚገኘው በሥራ ሕጉ ውስጥ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። ከዚያ በፊት የነበረው ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ ስለነበረ መሻሻሉ አይካድም። ነገር ግን የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደመከረው ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ ሊሰጠው አይገባም። የኢትዮጵያ ጤና ሠራተኞችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ስድስት ወር 180 ቀን ነው፤ ፈቃዱ 90 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው 90 ቀን በማን ይሸፈናል? በገሱባው ቤት የሸፈኑት እናቲቱና ሕፃኑ ናቸው፤ የሸፈኑትም በሌሊት ነው።

እናቲቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት ትርቃለች፤ ይህም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀድሞ በ24 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ፣ ማለት በየሁለት ሰዓቱ ይጠባ የነበረ ሕፃን አሁን ያንኑ ያህል ለማግኘት የቀረው 15 ሰዓት ብቻ ነው። 15 ሰዓት ለ12 ሲካፈል በየ75 ደቂቃው አንድ ጊዜ ይደርሳል። እንግዲህ በአራተኛው ወር ሌሊቱን አምስትና ስድስት ጊዜ መንቃቱ ምን ያስደንቃል? ቀን የጎደለበትን ሌሊት እየሞላ ነው። አያቲቱ በሽታ ነው ያለችው፣ ጎረቤቲቱ ዓይን ነው ያለችው ነገር ሕፃኑ በትክክል የሠራው ሒሳብ ነበር።

መፍትሔውም ከምክንያቱ ይከተላል። የሌሊቱ መጥባት እንዲቀንስ ከተፈለገ የቀኑ መጨመር አለበት። እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት በደንብ ታጠባዋለች፤ ቢሮው ቅርብ ከሆነ ለምሳ ስትመጣ ወይም ልጁ ታዝሎ ሲወሰድላት ታጠባዋለች። በቀረው ጊዜ በታጠበ እጅ የታለበ ወተት በተቀቀለና ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ በስኒ ይሰጠዋል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ያልበለጠ እንደሆነ ወተቱ እስከ አራት ሰዓት ሳይበላሽ ይቆያል። ጡጦ የተነቀፈበት ምክንያት ጠባቡ አንገቱና ጫፉ ለማጽዳት አስቸጋሪ በመሆኑ ነው፤ ስኒ ግን በሳሙናና በውሃ ይጠራል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ የሚሆን አንዲት ጠባብ ክፍል እንኳ የለውም፤ ሴቲቱ ወተቷን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ታልባለች። የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ አባሎች ለዘበኛ ቤት፣ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ሲመድቡ፣ ለዚህ ጉዳይ ስድስት ካሬ ሜትር መመደብ ስንት ያስወጣ እንደነበር ራሳቸው ያስሉት።

በውሃ የቀጠነው የላም ወተትስ? ይህን የሚመክሩ ሰዎች ለልጁ ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን ጡጦ የያዘ ሕፃን ከጡት የሚጠባው ይቀንሳል፤ ጡትም ስላልጎደለ ምርቱን ይቀንሳል፤ እናቲቱም በሁለተኛው ሳምንት ወተቷ በእርግጥ እንዳነሰ ትመለከታለች። አያቲቱም «አላልኩሽም?» ትላለች። ትንቢቱ የተፈጸመው ግን እውነት ስለነበረ ሳይሆን ስለ ታመነ ነው። ከዚህም ጋር ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይከተላል፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም ሌሊቱን ከቀድሞው የባሰ ሳይተኛ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት በጡት ብቻ የሚኖሩት ከመቶ 59 ነበሩ። ከቀሩት ስንቶቹ እናቶች «እንዲተኛ» ተብለው እንደተመከሩ መገመት አያስቸግርም።

ምግብ ቀድሞ ማስጀመር እንቅልፍ ያመጣል የሚባለውንም በሚዛን መመልከት ይገባል። በእንግሊዝ አገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከሦስት ወር ጀምሮ ምግብ የቀመሱት ሕፃናት በስድስተኛው ወር ላይ በአንድ ሌሊት ወደ 16 ደቂቃ ያህል አብልጠው መተኛታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ትርፉ 16 ደቂቃ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ንጹሕ ውሃ ለሚያገኝ ቤት ኪሳራው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከምንጭ ለሚቀዳ ቤት ግን ይህ የሚያዋጣ ንግድ አይደለም። በዚያው አገር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር የሆናቸው ልጆች ባሏቸው 715 እናቶች ላይ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እንዳመለከተውም፣ ከልጆቹ 78 ከመቶ ያህሉ ሌሊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይነቁ ነበር፤ ጡት የሚጠባውና የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣው በመንቃት አልተለያዩም። በካናዳ የተደረገው እ.ኤ.አ. የ2018 ጥናትም ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት ከመቶ 28ቱ ገና ስድስት ሰዓት በአንድ ተከታታይ እንደማይተኙ አሳይቷል፤ በአእምሮ ዕድገታቸው ግን ከሌሎቹ ያነሱበት ነገር አልተገኘም።

በወላይታ ባላገር እናት ከልጇ ጋር በአንድ መኝታ ማደሯ የቆየ ልማድ ነው፤ በረጅሙ የሣር ቤት ውስጥ ከብቱም ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ሕፃን ብቻውን ይተኛ የሚል አልነበረም። ልማዱ ጥቅም አለው፤ እናት ሳትነሣ በጎኗ ተኝታ ታጠባለች፣ መብራት ሳይበራ፣ ወሬ ሳይበዛ ልጁም ቶሎ መልሶ ይተኛል። ነገር ግን የሚያጠፋ ነገርም አለው። ቦርዴ ወይም አረቄ የቀመሰ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሕፃን ጋር መተኛት የለበትም። ከባድ ቡልኮ በሕፃኑ ፊት ላይ እንዳይወድቅ፣ ሕፃኑም በአልጋውና በግድግዳው መካከል እንዳይቀረቀር መጠንቀቅ፣ በጀርባው ማስተኛት ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ብርድ ለመከላከል ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የከሰል ምድጃ ነው፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ጠንካራውንም ሰው ይገድላል። ወባ ባለበት ቀበሌ አጎበር መዘርጋት ግዴታ ነው። ትኩሳት ያለው፣ ጡት እምቢ ያለ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ክብደቱ የቆመ ሕፃን ሲነቃ ግን ይህ ሁሉ ንግግር አይመለከተውም፤ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይታለፍ። እ.ኤ.አ. በ1988 በኢጣልያ ቤላጅዮ የተሰበሰቡ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ልጇ ስድስት ወር ያልሞላው፣ የወር አበባዋ ያልተመለሰና በጡት ብቻ የምታጠባ እናት የመፀነስ ዕድሏ ከመቶ ከሁለት አይበልጥም። ይህ የሚሠራው ግን ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊትም ከስድስት ሰዓት የበለጠ ሳታጠባ ካልቆየች ነው። እንደ ወላይታ ሕዝብ በበዛበትና መሬት በጠበበበት አገር ሕፃኑ እየነቃ የሚያስከፋው ሌሊት ለሚቀጥለው ልጅ ርቀት የሚሰጥ ሌሊት ጭምር ነው። የቢሮው ዘጠኝ ሰዓት ይህንንም ዘዴ እንደሚያፈርሰው ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ባልዬው እንመለስ። ወተት ሊያጠባ አይችልም፤ ሌሊቱንም ሊያሳጥር አይችልም። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሆኖም ሚስቲቱን የሚያደክማት አምስት ጊዜ መንቃቷ ብቻ አይደለም፤ አምስት ጊዜ ነቅታ ሲነጋ የሚጠብቃት ሥራ ነው። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ቁጥር መጥቀስ ይገባል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር የመጠጥ ውሃ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። በዚህ መለኪያ ተሠርቶ የተመረቀ የውሃ ተቋም በሪፖርት ላይ «ሽፋን» ተብሎ ይመዘገባል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ስድስት ምልልስ ሆኖ አምስት ሊትር ይቀራል። ውሃው በትክክል አንድ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ስድስቱ ምልልስ 12 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ግማሹ 20 ኪሎ በጀርባ ተሸክሞ። ይህን መለኪያ ያጸደቀው መሐንዲስ ተሸካሚው ማን እንደሆነ፣ ሌሊቱንም እንዴት እንዳደረ በሠንጠረዡ ላይ የጻፈበት ዓምድ የለም። የጡት ጠቢ ልጅ እናት ያለችበትን ቤት ቆጥሮ የቦኖውን ቦታ የወሰነ ንድፍ በየስንቱ ወረዳ ይገኛል?

በገሱባው ቤት ባልዬው የሠራው ቀላል ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ የሳምንቱን ውሃ በአህያ አስጭኖ በርሜሉን ይሞላል፤ ጨርቁን ራሱ ያጥባል። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ሳቁበት። እናቱም «ልጄ፣ አንተን ያሳደግሁህ ለዚህ ነው?» ብላ ተከፋች፤ የሳምንቱን ሒሳብ በወላይትኛ ከነገራት በኋላ ግን ጡጦውን እርሷው ራሷ ከመደርደሪያው አነሣችው፤ በሰኞና በረቡዕ ምሳ ሰዓት ልጁን አዝላ ቢሮው ድረስ መውሰድ የጀመረችውም ያን ጊዜ ነው። እሑድ ጠዋት ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ አባቱ በአንቀልባ አዝሎት ከእንሰቱ ሥር ይንሸራሸራል፤ እናቲቱ በዚያ መካከል ሳትቀሰቀስ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ሕፃኑ በስድስተኛው ወር የቡላ ገንፎ ቀመሰ። ሌሊት አሁንም ሁለት ጊዜ፣ ጥርስ ሲያወጣ ደግሞ አራት ጊዜ ይነቃል።